ስለ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የዋህነትና ስለ ትዳራቸው

ከነፋስ መውጫ ተነሥቶ ወደ ወሎ የሚሻገር መንገደኛ በደብረ ዘቢጥ በኩል ያልፋል። በዚያ ወገን በአንቺም ሜዳ በመጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ታላቅ ጦርነት ተደረገ፤ የበጌምድር ገዥ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌም በዚያ ወደቁ። የወገዳ አገር ሰው፥ ማለት የጋይንቱም የስማዳውም የእስቴውም፥ ይህን ነገር ከአባቶቹ አፍ ሲሰማ አድጓል። የሰልፉን ብዛት፥ የአይሮፕላኑን ድንጋጤ፥ የሽሽቱን መከራ የሚያወሳው ብዙ ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን በአዲስ አበባ በሕመም አልጋ ላይ ስለ ነበሩት ሴት የሚያወሳው ጥቂት ነው። በአንደኛው ወገን የቆሙት የትዳር ጓደኛቸው የነበሩት ሰው ናቸው፤ በሁለተኛው ወገን የተሰለፈውም ሠራዊት የዘመተው በእርሳቸው መንግሥት ስም ነው። እኒህ ሴት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ናቸው።

የዋህ የሚለው ቃል በዛሬ ሰው አፍ ተዋርዷል። በገበያ የሚታለለውን፥ በሸንጎ መልስ የሚያጣውን፥ ነገር ቶሎ የማይገባውን ሰው የዋህ ነው ይሉታል። የመጻሕፍት መምህራን ግን እንዲህ አድርገው አልተረጐሙትም። ኦሪት ስለ ሙሴ የዋህነት ትመሰክራለች፤ ይኸው ሙሴ ግን ፈርዖንን ፊት ለፊት የተከራከረ፥ ሕዝቡ ጣዖት ሲያመልክ ባየ ጊዜም ጽላቱን የሰበረ ሰው ነው። ዳዊትም ሳኦልን በዋሻ ውስጥ አግኝቶ የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቈርጦ ተወው፤ ይህንም ያደረገው ሰይፍ አጥቶ አይደለም። እንግዲህ የዋህነት የጕልበት ማነስ ሳይሆን፥ መበቀል የሚችል ሰው እጁን መሰብሰቡ ነው። የንግሥት ዘውዲቱም ሕይወት በዚህ ሚዛን ቢመዘን ይገባዋል፤ በሌላ ሚዛን የመዘኗቸው ሰዎች ደካማ ብለዋቸው አልፈዋልና።

ዘውዲቱ በሚያዝያ 22 ቀን 1868 ዓ.ም. በወሎ በወረኢሉ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ናቸው፤ እናታቸውም ከወሎ ባላባት ወገን የተወለዱ ወይዘሮ ናቸው። የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ተባለ። አባትና እናታቸው ስለ ተለያዩ በአባታቸው ቤት አደጉ። ዕድሜያቸው ስድስት ዓመት ሲሆን፥ በ1875 ዓ.ም.፥ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ይህ ጋብቻ የሁለቱ ነገሥታት ስምምነት ማኅተም ነበረ። ወረቀት በሰም እንደሚታተም ስምምነቱ በሕፃኒቱ ታተመ፤ ፈቃዳቸውን የጠየቀም አልነበረ።

ወደ ትግሬ በሄዱበት ቤት የነበረው ነገር ቀላል አልነበረም። አማታቸው ዐፄ ዮሐንስና አባታቸው ንጉሥ ምኒልክ አንድ ጊዜ ሲታረቁ አንድ ጊዜ ሲጠራጠሩ ኖሩ። በእንደዚህ ያለ ቤት ያለች ምራት ወይ ለአባትዋ ታደላና በባልዋ ቤት እንደ ሰላይ ትቈጠራለች፥ ወይም ለባልዋ ቤት ታደላና አባትዋን ታስቀይማለች። ዘውዲቱ በልጅነታቸው ከሁለቱም ጠብቀው ተገኙ። ለአባታቸው ልጅ፥ ለአማታቸውም ልጅ ሆነው ኖሩ። በ1880 ዓ.ም. ራስ አርአያ ሥላሴ በመቀሌ በሞቱ ጊዜ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የሁለቱ ነገሥታት ፍቅር እጅግ ተበላሽቶ ጦር ለመማዘዝ ደርሶ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ግን ምራታቸውን በክብር፥ ብዙ የተመረጡ ከብቶችም ሰጥተው፥ ወደ አባታቸው ሰደዷቸው። በልጅትዋ አባት ላይ የተቈጣ ንጉሥ ልጅትዋን በስጦታ መሸኘቱ ስለ ንጉሡም ደግነት ይናገራል፤ ይልቁንም በዚያ ቤት ስድስት ዓመት ያህል የተቀመጠችው ልጅ እንዴት ባለ ጠባይ እንደ ተቀመጠች ያስታውቃል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ጊዜ ሌላ ጋብቻ ተደረገላቸው፤ ሁለቱም አልጸኑም። ስለ እነርሱ የሚነገረው ጥቂት ስለ ሆነ እዚህ ማስረዘም አያስፈልግም። በ1892 ዓ.ም. ገደማ ግን ከራስ ጉግሣ ወሌ ጋራ ተጋቡ። ራስ ጉግሣ የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፥ የእቴጌ ጣይቱም የወንድም ልጅ ናቸው። ይህንም ጋብቻ ያሰቡት እቴጌ ናቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ከራሳቸው ወገን ጋራ ለማስተሳሰር ነው። እንግዲህ የዘውዲቱ ትዳር ሁሉ፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፥ በሌላ ሰው ምክር የተሠራ ነው። ነገር ግን በሌላ ሰው ምክር የተሠራ ቤት ሁሉ አይፈርስም። ዛሬ በገጠሩ ምእመናን ዘንድ ሃምሳና ስድሳ ዓመት የጸና ትዳር የያዙ ሽማግሎችና አሮጊቶች ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው የተያዩት በሠርጋቸው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ቤት የሠራው የሁለቱ መቻቻል ነው። ዘውዲቱና ራስ ጉግሣም እንዲህ ሆኑ፤ ትዳራቸው የሰመረ ትዳር ነበረ።

ራስ ጉግሣ በጌምድርን ተሹመው መቀመጫቸውን በደብረ ታቦር አደረጉ። መጽሐፍ የሚወዱ፥ ቅኔ የሚሰሙ፥ የሚቀኙም መኰንን ነበሩ። ግዛታቸውም ለእንዲህ ያለ ሰው የሚስማማ አገር ነው። በጋይንት ቤተልሔም የድጓው ማስመስከሪያ አለ፤ በዙር አምባም ዝማሬና መዋሥዕት ይመሰከራል። ከየአገሩ የሚመጣው ተማሪ አኵፋዳውን አንግቶ በየደጁ እየለመነ የሚማርበት ምድር ነው። ወይዘሮ ዘውዲቱም ጾም፥ ጸሎትና የቤተ ክርስቲያን ነገር የሚወዱ ነበሩ። አንዱ ቅኔን፥ አንዲቱ ጸሎትን የሚወዱ ባልና ሚስት በአንድ ቤት ሲገናኙ ጠብ የሚነሣበት ምክንያት ያንሳል። ልጅ ግን አልቀረላቸውም። በዚያ ዘመን ልጅ ያልቀረላት ሴት በትዳርዋ የምትሰማውን ነቀፌታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ባልም በዚህ ምክንያት ቤቱን ሲያፈርስ ማየት የተለመደ ነው። የእነርሱ ቤት በዚህ አልፈረሰም።

ቤታቸውን የነካው የመንግሥቱ ነገር ነው። ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ታመው፥ እቴጌ ጣይቱ መንግሥቱን በእጃቸው ይዘው ሳለ፥ በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው እቴጌን ከሥልጣን አወረዱ። ከዚያ ወዲህ የእቴጌ ዘመድ የተባለ ሁሉ ተጠረጠረ፤ ራስ ጉግሣም ከሹመታቸው ተነሡ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ዐረፉ። አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ የዘውዲቱ የእኅት ልጅ ናቸው፤ ነገር ግን አክስታቸውን ለዙፋኑ ስለሚያሰጉ ከቤተ መንግሥት አራቋቸው፤ ባልና ሚስቱ በገጠር ተቀመጡ። ለዘውዲቱ ይህ የሐዘን ዘመን ነው። አባታቸው ሞተዋል፥ እናት ሆነው የያዟቸው እቴጌ ተዋርደዋል፥ ባላቸው ሹመት አጥተዋል፥ እርሳቸውም ከአባታቸው ቤት ወጥተዋል። ይህን ሁሉ ያደረገባቸው ደግሞ የሥጋ ዘመዳቸው ነው። ይህ ነገር በልብ ይያዝ፤ በኋላ ይነሣልና።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፥ በመስቀል በዓል፥ መኳንንቱና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ልጅ ኢያሱን ሽረው ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት፥ ደጃዝማች ተፈሪን ደግሞ ራስ ብለው አልጋ ወራሽና እንደራሴ አደረጉ። ዘውዲቱ ከገጠር ተጠርተው መጥተው ዙፋን ተቀበሉ። ነገር ግን ከዙፋኑ ጋራ አንድ ነገር ታዘዘባቸው፤ ይኸውም ከባላቸው እንዲለዩ ነው። መኳንንቱ የእቴጌ ጣይቱ ወገን በራስ ጉግሣ በኩል ተመልሶ ሥልጣን እንዳይዝ ፈርተው ነበር። ራስ ጉግሣ በጌምድርን እንደ ገና ተሹመው ወደ ደብረ ታቦር ወጡ፥ ንግሥቲቱም በአዲስ አበባ ቀሩ።

በዚህ ስፍራ ነገሩ ይከብዳል፤ በቸልታ ሊታለፍም አይገባም። እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው ሊለየው እንደማይገባ ቤተ ክርስቲያን በተክሊል ቀን ሁሉ ታስተምራለች። ለመንግሥት ጥቅም ሲባል ባልና ሚስት ይለዩ የሚል ቀኖና የለም። መኳንንቱ ይህን ባዘዙ ጊዜ በደል አድርገዋል፤ ጳጳሱ በመካከላቸው መኖራቸውም በደሉን ጽድቅ አያደርገውም። ዘውዲቱስ እሺ ማለታቸው የዋህነት ነውን፥ ወይስ የዙፋን ፍቅር? ሁለቱንም የሚሉ አሉ። ነገሩን የሚፈርድ ሰው ግን የዚያን ወር ሁኔታ አስቀድሞ ያስብ። የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ሠራዊት አስከትተው ወደ ሸዋ ይገሠግሡ ነበር፤ ልክ በወሩ፥ ጥቅምት 17 ቀን፥ በሰገሌ በተደረገው ጦርነት ያለቀው ሰው እጅግ ብዙ ነው። በዚያን ጊዜ ዘውዲቱ አሻፈረኝ ብለው ወደ ገጠር ቢመለሱ የአባታቸው መኳንንት እርስ በርሳቸው ይከፋፈሉ ነበር። ትዳራቸውን ስለ አገሩ ሰላም ሰጡ ቢባል ከእውነት አይርቅም። ደግሞ አንድ ሥራቸው ይመሰክርላቸዋል፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ተኩል በዙፋን ላይ ሲኖሩ ሌላ ባል አላገቡም። ሲዳሩ ፈቃዳቸውን ማንም አልጠየቀም፥ ሲለዩም እንዲሁ፤ ብቻቸውን መኖርን ግን ራሳቸው መረጡት።

የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ ጫኑ። እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ሆነው የእንጀራ ልጃቸውን ንግሥና አዩ፤ ልክ በዓመቱ፥ በዚያው በየካቲት 4 ቀን፥ ዐረፉ።

ንግሥት ሲሆኑ የዋህነታቸው ከሁሉ በላይ የታየው በልጅ ኢያሱ ነገር ነው። ልጅ ኢያሱ ከተሻሩ በኋላ ብዙ ዘመን በበረሃና በተራራ ሲንከራተቱ ቈይተው በ1913 ዓ.ም. ተያዙ። የያዟቸውም ደጃዝማች ጉግሣ አርአያ ናቸው፤ እኒህ የደብረ ታቦሩ ራስ ጉግሣ ሳይሆኑ የንግሥቲቱ የመጀመሪያ ባል የራስ አርአያ ሥላሴ ልጅ ናቸው። ከአባታቸው ቤት ያወጧቸው፥ ባላቸውን ያጐሳቈሉ ሰው አሁን በእጃቸው ወደቁ። ክፉ ልብ ያላት ሴት ብትሆን ይህን ቀን ስትጠብቅ በኖረች ነበር። ዘውዲቱ ግን የእኅታቸውን ልጅ ራሳቸው ሊጠብቋቸው፥ መክረውና አስተምረው ነፍሳቸውን ወደ ንስሓ ሊመልሱላቸው ፈለጉ። እንደራሴው ራስ ተፈሪና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን አልፈቀዱም፤ ለመንግሥቱ ያሰጋልና። ልጅ ኢያሱ በፍቼ በራስ ካሣ እጅ ተጠበቁ፥ በንግሥቲቱም ሐሳብ የሚበሉትና የሚለብሱት ሳይጐድልባቸው ተቀመጡ። ፊታውራሪው እንደ መንግሥት ሰው አሰቡ፥ ንግሥቲቱ እንደ አክስት አሰቡ፤ ሁለቱም ተሳስተዋል ማለት አይቻልም።

ዘውዲቱ በነገር ሁሉ እሺ የሚሉ ሰው አልነበሩም። አዲስ ሥርዓት ቶሎ ቶሎ ሲገባ አይወዱም፥ የአባታቸውን ዘመን ልማድ ይጠብቃሉ፥ ያልወደዱትን ነገርም ዝም በማለት ያቈዩታል። በዚህ ጠባያቸው የመንግሥቱን ሥራ አዘገዩ የሚሏቸው አሉ፤ ነቀፋውም ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር የገባችው፥ በዚያው ዓመት ስለ ባሮች ነጻነት ዐዋጅ የወጣው በእርሳቸው ዘመነ መንግሥት ነው። በ1921 ዓ.ም.ም የአገራችን መነኰሳት በግብጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤጲስ ቆጶስነት ተሾሙ፤ አቡነ ጴጥሮስና አቡነ ሚካኤል፥ በኋላ በጠላት እጅ ሰማዕትነት የተቀበሉት፥ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ከሺህ ዓመት በላይ ከግብጽ ጳጳስ ስትቀበል ለኖረች ቤተ ክርስቲያን ይህ ታላቅ ነገር ነው።

በ1919 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በአንድ ወር ውስጥ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የንግሥቲቱ ክንድ ዛለ፥ የእንደራሴው ክንድ ጸና። በመስከረም 1921 ዓ.ም. የቤተ መንግሥታቸው ዘበኛ አለቃ አባ ውቃው በአባታቸው መቃብር ቤት ገብቶ መሣሪያ አነሣ፤ ስለ ንግሥቲቱ የተቈረቈረ ነበር። ነገሩ ከሸፈ። በዚያው ወር በ27 ቀን ንግሥቲቱ ለራስ ተፈሪ የንጉሥነት ዘውድ ጫኑላቸው። በዚያን ጊዜም በክፍላተ አገር ንግሥቲቱን የሚወዱ፥ እንደራሴውን የሚጠሉ ታላላቅ መኳንንት ነበሩ። በእነርሱ ተማምነው አገሩን ወደ ጦርነት ሊያገቡት ይቻላቸው ነበር፤ አላደረጉትም። ሥልጣናቸውን በጥቂት በጥቂቱ ሲወሰድ እያዩ ወደ ጸሎት ቤታቸው ይገቡ ነበር።

የደብረ ታቦሩ ሰው ግን ይህን መታገሥ አልቻሉም። በራስ ጉግሣ ላይ ለመፍረድ መቸኰል አይገባም። ከሚስታቸው በግድ ተለይተው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ግዛታቸውን ይዘው በዝምታ ተቀምጠዋል፤ ይህም ትንሽ ትዕግሥት አይደለም። የተለዩዋት ሚስታቸው በዙፋንዋ ላይ ሳለች ስትዋረድ መስማታቸው ግን ቍስሉን እንደ ገና ከፈተው። አንድ ቍስል በሁለት ሰው ገላ ላይ ነበረ፤ አንዲቱ በጾምና በስግደት ያዘችው፥ አንዱ በጦር ሊያድነው ተነሣ። ወንድ ልጅ ስለ ሚስቱ ክብር መቈጣቱን ያገራችን ሰው ያመሰግናል። ነገር ግን ሚስቲቱ ራስዋ ይህን አልፈለገችም። ንግሥቲቱ ለራስ ጉግሣ ደጋግመው እየላኩ ጦሩን እንዲተዉ አዘዟቸው፤ አልሰሙም። ከብዙ ዘመን በፊት የተለየ ባል ስለ እርስዋ ሊዋጋላት ሲነሣ፥ ከእርስዋ የሚመጣው ቃል ተው የሚል ብቻ መሆኑ፥ ለላከችውም ለተቀበለውም ምን ያህል መራራ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ሠራዊቱን ይዘው ወጡ። አይሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር ለጦር ሥራ ተነሣ፤ ከቦምቡ ጋራ የሊቀ ጳጳሱና የኤጲስ ቆጶሳቱ የውግዘት ቃል የተጻፈበት ወረቀት ከሰማይ ወረደ። እሑድ ዕለት፥ መጋቢት 21 ቀን፥ የዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሰንበት ገብር ኄር ነበረ። በቤተልሔምም በዙር አምባም እንደየሥርዓቱ የታማኙ አገልጋይ ጾመ ድጓ ተቁሟል። በማግሥቱ ሰኞ በአንቺም ውጊያው ሆነ። ብዙው ሠራዊት ውግዘቱን ፈርቶ፥ ከሰማይ በሚወርደውም እሳት ደንግጦ ተበተነ፤ ራስ ጉግሣ ግን አልሸሹም፥ እየተዋጉ ወደቁ። ከዚህ አገር በእርሳቸው ወገን የዘመተና በዚያ ሜዳ የቀረ ሰው ብዙ ነው። የእርሱም እናትና ሚስት በዚያ ዓመት ፋሲካን በሐዘን አሳልፈዋል።

በአዲስ አበባ ንግሥቲቱ ጤና ካጡ ቈይተው ነበር። የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ በጾሙ ወራት ደግሞ የአንጀት ተስቦ በሽታ ያዛቸው። ሕመምተኛ ከጾም እንዲያርፍ ሥርዓቱ ይፈቅዳል፤ እርሳቸው ግን ለሰውነታቸው አልራሩለትም። በዚያው በገብር ኄር ሳምንት፥ ረቡዕ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም.፥ ባላቸው የነበሩት ሰው በወደቁ በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። ዕድሜያቸው አምሳ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የአንቺምን ወሬ ሰምተው ልባቸው ተሰብሮ ሞቱ የሚሉ አሉ፤ ሳይሰሙ ሞቱ የሚሉም አሉ። ሰው ከዚህ የከፋም ወሬ አውርቷል።

ለአባታቸው ማረፊያ ባሠሩት በበአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። በዚያ መቃብር ቤት ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም ያርፋሉ፤ የእንጀራ እናትና የእንጀራ ልጅ፥ አንዲቱ ጋብቻውን ያሰበችው፥ ሁለተኛዪቱም በጋብቻው የኖረችውና ያዘነችው፥ በአንድ ጣራ ሥር ናቸው። ራስ ጉግሣ ከእነርሱ ጋራ የሉም። ካህናቱ በበአታ ፍትሐት ባደረሱ ጊዜ ሁሉ ስሟን የሚጠሩት በዙፋን ስሟ ሳይሆን በክርስትና ስሟ ነው፤ አስካለ ማርያም ብለው።